ጥቅምት 30 አለፈ፤ ለቢሯችን ልጆችና ለጎረቤቶቻችን ምስጋናዬ ይድረስ

ጥቅምት 30 አለፈ። ሁላችንም በሕይወት አለን። ፕሪንተሩን ብቻ ትንሽ ያመዋል።

ከሒሳብ ሥራ ጋር ለማትተዋወቁ በአጭሩ ልንገራችሁ። የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ይዘጋል። ከዚያ በኋላ የደረጃ ሀ ግብር ከፋይ፣ ማለትም ትልቁ ነጋዴና ድርጅት፣ ዓመታዊ ሒሳቡን አዘጋጅቶ ለማሳወቅና ግብሩን ለመክፈል አራት ወር አለው። አራት ወር ሲባል ብዙ ይመስላል። አይደለም። ሐምሌና ነሐሴ ደንበኛው «ክረምቱ ይውጣ» ይላል። ጳጉሜን ላይ «ከእንቁጣጣሽ በኋላ» ይላል። ከእንቁጣጣሽ በኋላ «መስቀል ይለፍ» ይመጣል። መስቀልም አልፎ፣ ደመራውም አመድ ሆኖ፣ ኢሬቻም ተከብሮ፣ ጥቅምት አጋማሽ ላይ አንድ ቀን ጠዋት በሩ ይንኳኳል፤ ሲከፈት ደንበኛችን ጥቁር ፌስታል አንጠልጥሎ ቆሟል። «ይኸው፣ የዓመቱ ደረሰኝ ሁሉም አለ» ይላል ፈገግ ብሎ። ሁሉም የለም። ኖሮም አያውቅም።

ዘንድሮ ጥቅምት 30 እሑድ ላይ ስለዋለ እኛ ቅዳሜ ማታን የመጨረሻ ብለን ቆረጥን። ተሳካልን። አዲስ አበባ፣ ሃያ ሁለት የሚባለው ሰፈር፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያለች፣ ሰባት ሰው ከነፋይሉ ተጠጋግቶ የሚሠራባት ቢሮ፣ የደንበኞቿን የ2017 ሒሳብ በሙሉ አስገባች። ሪፖርቱ ላይ የሚፈርሙት አለቃችን ናቸው፤ ማህተሙም የእሳቸው ነው። የሌላው ሰው ስም የትም አይጻፍም። ይህ ነገር ሲከነክነኝ ስለሰነበተ በአደባባይ ላመሰግን ነው። ስም አልጠራም፤ ራሳችሁን ታውቃላችሁ።

ማሙሽ፣ ካንተ ልጀምር። ከዩኒቨርሲቲ ወጥተህ የመጣህ ሰሞን ስለ ፋይናንስ ትንተና ታወራ ነበር። እኛ ፌስታል ሰጠንህ። ይቅርታ አልልህም፣ ሁላችንም በፌስታል ነው የጀመርነው። ግን ያንን ሥራ እንዳንተ የሠራው ሰው አላየሁም። የካሽ ሬጅስተር ወረቀት ፀሐይና ሙቀት ካገኘው ጽሑፉ እየደበዘዘ ይጠፋል፤ መኪና ዳሽቦርድ ላይ የከረመ ደረሰኝ በቃ ነጭ ወረቀት ነው። አንተ እያንዳንዷን በስልክህ መብራት እያየህ፣ ቀኗንና የማሽን ቁጥሯን እያነበብህ፣ ኮፒ አድርገህ በየወሩ ለየሃት። ከደረሰኞቹ መሀል የሰርግ መጥሪያ፣ የዕድር ካርድና ዕጣው የወጣ የሎተሪ ትኬት አገኘህ። ትኬቱን ከፍ አድርገህ «ይሄ ወጪ ነው ወይስ ኢንቨስትመንት?» ስትል አለቃችን ጥርሳቸው እስኪታይ ሳቁ። ይህ በቢሯችን ታሪክ ብርቅ ነው።

የደመወዝ ሠንጠረዥ እመቤት፣ አንቺ ደግሞ ዓይንሽን ይጠብቅልን። ለጡረታ መዋጮ የደመወዙን 7 በመቶ ሠራተኛው፣ 11 በመቶ ደግሞ አሠሪው እንደሚከፍል ሕፃን ልጅ ያውቃል ብዬ አስብ ነበር። አንዱ ደንበኛችን ግን ገልብጦት ከርሟል። 11ዱን ከሠራተኛው፣ 7ቱን ከራሱ! ማንም ሳያየው ያለፈውን ነገር አንቺ ሻይ እያማሰልሽ አየሽው። ከዚያ ስልክ ደውለሽ «ጋሼ፣ የሠራተኞችዎ ገንዘብ እርስዎ ጋ ተቀምጧል» ያልሽበት ድምፅ አሁንም ጆሮዬ ላይ አለ። እንደዚያ ለስለስ ተብሎ የተነገረ አስፈሪ ነገር ሰምቼ አላውቅም።

የምሳ ገበታችንን ሳላነሳ ማለፍ አልችልም። ሌላ ቢሮ የሠራችሁ ታውቁታላችሁ፤ ሰው ሁሉ ምሳ ዕቃውን ይዞ ስልኩ ላይ አጎንብሶ ይበላል። እኛ ጋ ክልክል ነው። ማን እንደከለከለው አይታወቅም። ሁሉም ያመጣውን አንድ ትሪ ላይ ይገለብጣል፤ የአንዱ ምስር ከሌላው ጎመን ጋር ይገናኛል። ከሁሉም የምወደው ደግሞ የጾሙን ቀን ነው። በሌላው ቀን ሥጋ ያመጣ ክርስቲያን በአንድ ጥግ፣ ሥጋ ያመጣች ሙስሊም እህታችን በሌላው ጥግ ትሆናለች። ረቡዕና ዓርብ ግን ሽሮው ሁላችንንም አንድ ትሪ ላይ ይሰበስበናል፤ ትሪው ላይ ቦታ ይጠባል፣ ጉርሻ ይበዛል፣ ሥራ ይረሳል። በዚያ በተጨናነቀ ወር እንኳን የምሳ ሰዓታችን አልተነካም። አንድ ቀን አለቃችን «ዛሬ እየሠራን ብንበላስ?» ብለው ሞክረው ነበር። ማንም አልመለሰላቸውም። እሳቸውም እጃቸውን ሊታጠቡ ሄዱ።

አሁን ወደ ዓርቡ ልምጣ፣ ወደ ጥቅምት 28።

መጀመሪያ ግን ስለ መስኮቱ ማወቅ አለባችሁ። ቢሯችን አንድ መስኮት ብቻ አላት። መስኮቱ አጠገብ የምትቀመጠው እህቴ «ንፋስ ይመታኛል» ትላለች። ፊት ለፊቷ ያለው ወንድሜ «ታፍነን ልንሞት ነው» ይላል። አንዱ ይከፍታል፣ አንዷ ትዘጋለች። ይህ ጦርነት እኔ ከመቀጠሬ በፊት የተጀመረ ነው። ሽማግሌ ገብቶበታል፣ አልሆነም። ጥቅምት ደግሞ ብርዱን ይዞ ሲመጣ ይብስባቸዋል።

ዓርብ አመሻሽ ላይ መብራት ሄደ። የሦስት ደንበኞች ሒሳብ ገና ፒችትሪ በምትባለው የሒሳብ ሶፍትዌር ላይ ተከፍቶ ነበር። መብራት ሲሄድ ኮምፒውተሩን ለጥቂት ደቂቃ የሚያቆየው ዩፒኤስ ጢጥ ጢጥ ማለት ጀመረ። ሁላችንም እንደ እብድ «ሴቭ! ሴቭ!» እየተባባልን ተንጫጫን። ላፕቶፕ የያዘው ባትሪውን ይቆጥራል፣ ዴስክቶፕ የያዘው እጁን አጣምሮ ተቀመጠ። ፎቁ ጄኔሬተር የለውም። አለቃችን «ነገ ጠዋት እንቀጥል» ሊሉ አፋቸውን ሲከፍቱ፣ ጋሼ ዘበኛችን በሩ ላይ ቆመው «ታች ሥጋ ቤቱ ጄኔሬተር አስነስቷል እኮ» አሉ።

ዓርብ ስለሆነ ሥጋ ቤቱ ጭር ብሏል። ጄኔሬተሩ የሚሠራው ለፍሪጁ ብቻ ነው። ባለቤቱን ወርደን ለመንነው። እሱ ደግሞ ነጭ ጋወኑን እንደለበሰ ወጥቶ «ምን ችግር አለ፣ ገመድ አላችሁ?» አለ። በቃ፣ ይኸው ነው። ስንት ትከፍላላችሁ አላለም፣ ለስንት ሰዓት አላለም። ከዚያ ጋሼ ገመድ ከየት እንዳመጡ እስካሁን አላወቅንም፤ ኤክስቴንሽን በኤክስቴንሽን ቀጥለው፣ ጫፉን በሲባጎ አስረው ወደ ሦስተኛ ፎቅ አስጎተቱን። የገባው በመስኮቱ ነው።

ገባችሁ? በዚያ መስኮት! ገመዱ እስካለ ድረስ መስኮቱ ሊዘጋ አይችልም። ወንድሜ ምንም አልተናገረም፤ ግን ፊቱ ላይ የነበረውን ደስታ በሻማ መብራት ሳይቀር አይቼዋለሁ። እህቴ፣ አንቺ ግን ክብር ይገባሻል። አንዲት ቃል ሳትተነፍሺ ሻርፕሽን ጠመጠምሽ፣ ከላዩ ላይ የጋሼን ጋቢ ደረብሽ፣ ጣትሽ ብቻ ወጥቶ የባንክ ሒሳብ ስታመሳክሪ አመሸሽ። ወንድሜ፣ አንተም ካፖርትህን አውልቀህ ጉልበቷ ላይ ስታደርግላት አይቻለሁ። ሰኞ ጠዋት ጦርነታችሁን ስትቀጥሉ ደስ አለኝ፤ ታርቃችሁ ቢሆን ኖሮ ቢሮው ይጨንቀኝ ነበር።

እትዬ፣ የጀበና ቡናዎ ባይኖር ምን ይውጠን ነበር? ሌላ ጊዜ 11 ሰዓት ላይ ረከቦትዎን ሰብስበው ይሄዳሉ። ያን ማታ ግን «ልጆቹ እራት ሳይበሉ ነው ያመሹት» ብለው፣ ፈንዲሻ ይዘው፣ ሦስት ፎቅ በጨለማ ወጡ። አቦል ብቻ ሰጥተው የሚሄዱ መስሎን ነበር፤ በረካውን ሳያጠጡን አልወረዱም። ዱቤያችንን የሚጽፉባት ደብተር ደግሞ ከኛ ሒሳብ ሁሉ የተሻለች ናት። ማሙሽ በድብቅ ደምሯት አንድ ብር እንኳን አልዛነፈችም።

ጋሼ፣ ስለ ጋቢው፣ ስለ ገመዱ፣ እኩለ ሌሊት ላይ ለእያንዳንዳችን ታክሲ እስኪመጣ አብረውን ስለቆሙ እግዜር ይስጥልን። ታርጋውን ከፍ ባለ ድምፅ እያነበቡ ሾፌሩን «አውቄሃለሁ» ሲሉት ሁላችንም ተዝናንተናል፤ ሾፌሩ ግን የተዝናና አልመሰለኝም።

አለቃችንንም ላመስግን፣ ደብዳቤውን ስለሚያነቡት ብቻ አይደለም። ብዙ መሥሪያ ቤት «እኛ እኮ ቤተሰብ ነን» ይባላል። እኔ ይህን አባባል ስሰማ ቦርሳዬን አጥብቄ እይዛለሁ፤ ብዙውን ጊዜ ቀጥሎ የሚመጣው ያልተከፈለ የትርፍ ሰዓት ነው። እርስዎ አንድም ቀን ቤተሰብ ብለውን አያውቁም። በምትኩ እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ያለውን በአንድ ተኩል እጥፍ፣ ከዚያ በላይ ያለውን በ1.75 አስልተው፣ ሕጉ እንደሚለው፣ ሳንጠይቅ ከፈሉን። የታክሲውንም ሒሳብ ችለዋል። ቀዝቃዛ ሰው ነዎት፤ እኔ በበኩሌ ከሞቀ ንግግር ይህን እመርጣለሁ። ወንበሬን ግን አይርሱብኝ። በእርጅና ቅናሽ የመዝገብ ዋጋው ካለቀ ቆይቷል፤ አሁን ወገቤን ነው እየቀነሰ ያለው።

በሐምሌ፣ ዝናቡ እየዘነበ፣ ሁሉንም ሰነድ በወር በወር አቃፊ ውስጥ አድርገው ያመጡልን የሕንፃ መሣሪያ ነጋዴዋ እናታችን፣ እርስዎን ምን ብዬ ላመስግን? ፎቶዎን ግድግዳ ላይ እንስቀል ተብሎ በቁም ነገር ተነጋግረናል። ፌስታል ይዛችሁ የመጣችሁትም አልተጠላችሁም። ግን ለዘንድሮው ዓመት እባካችሁ የጥቅምትን ፌስታል በየወሩ አምጡልን፤ ቅጣት እኮ ለኛ አይደለም የሚመጣው፣ ለእናንተ ነው። ለዘገየ ማሳወቅ ካልተከፈለው ግብር ላይ ከ5 በመቶ ይጀምርና እስከ 25 በመቶ ድረስ ይደርሳል።

ቤት የጠበቃችሁን ባሎች፣ ሚስቶች፣ እናቶችና ልጆች፣ እራት ከድናችሁ ስለጠበቃችሁ እናመሰግናለን። የኔዋ ትንሿ ልጅ ያን ሰሞን አባቷን «ፒችትሪ የምትባለው የእማዬ አለቃ ናት?» ብላ ጠይቃዋለች። እሱም «አዎ» ብሎ ተገላግሏል። እኔም አላረምኩትም፣ ከእውነቱ ብዙ አይርቅም።

አንድ ማስታወቂያ ቀረ። የነቢያት ጾም ኅዳር 15 ስለሚገባ፣ የፊታችን ቅዳሜ ምሳ ታች ሥጋ ቤቱ ነው። ባለቤቱ የጄኔሬተሩን ነዳጅ ሒሳብ አልቀበልም ብሎናል፤ ስለዚህ ቢያንስ ጥብሱን እንብላለት። ለደመወዟ እመቤት ከሙስሊም ሥጋ ቤት አዝዘናል፣ በራሷ ትሪ ይመጣል። እትዬና ጋሼ የክብር እንግዳ ናችሁ። ምሳውን የሚከፍሉት አለቃችን ናቸው፤ ገና አልነገርናቸውም፣ እዚህ ሲያነቡ ያውቁታል።