«ለበረሃ የተዘጋጀ» ተብሎ ስለተከራየነው መኪና

ለመኪና አከራይ ድርጅቱ የደንበኞች አገልግሎት

ጉዳዩ፦ ቅሬታ ማቅረብን ይመለከታል

ጤና ይስጥልኝ፤

ፎር ዊሉን ከእናንተ የተከራየነው «ለበረሃና ለካምፒንግ ሙሉ በሙሉ የተዘጋጀ» ስላላችሁ ነው። ሞተሩ ጥሩ ነው፣ አልዋሽም። ጣሪያው ላይ የሚዘረጋው ድንኳንም እንከን አይወጣለትም። ቅሬታዬ ሌላ ነው።

አሸዋ ውስጥ ሲገባ ጎማ ይተነፍሳል። አስፋልት ላይ 35 ፒኤስአይ (የጎማ አየር ግፊት መለኪያ) ገደማ የነበረው ወደ 18 ይወርዳል፤ ጎማው ሰፋ ብሎ ስለሚተኛ አሸዋው አይውጠውም። ይህን የነገረን የእናንተው ሠራተኛ ነው፣ ልክም ነው። ስንመለስ ግን መንፋት ግድ ነው። በተነፈሰ ጎማ አስፋልት ላይ የፈጠነ ሰው ጎማው ግሎ ሊፈነዳበት ይችላል። የሰጣችሁን የጎማ መንፊያ ኮምፕረሰር ታዲያ ትንሽ አጓራና ዝም አለ። ፊውዙን ቀየርን፤ ወይ ፍንክች! አጠገባችን የሰፈሩ ሰዎች የራሳቸውን ባያውሱን እዚያው ቀርተን ነበር።

ስኮርታው ባሰ። ጥርሱ ስላልተበላ አዲስ ይመስላል። ጎኑ ላይ ያለው የምርት ቁጥር ግን በ2211 ያልቃል፤ እ.ኤ.አ. በ2011፣ በ22ኛው ሳምንት ተሠራ ማለት ነው። ላስቲክ ባይነዳበትም ያረጃል። ጎኑን በአውራ ጣቴ ጫን ሳደርገው ስንጥቁ አፉን ከፈተ።

መጎተቻ ገመድ አለ፤ ከኋላ የሚታሰርበት መንጠቆ ግን የለም። ያለው ተጎታች የሚያያዝበት የብረት ኳስ ብቻ ነው። ኳሱ አሸዋ የያዘውን መኪና ለመንቀል አልተሠራም፤ ተሰብሮ ከተስፈነጠረ ሰው ይገድላል።

ስንነግራችሁ «በረሃ እኮ ነው፣ ያጋጥማል» አላችሁን። በረሃ መሆኑንማ እናውቃለን፣ ለእሱ አይደል የተከራየነው? ውሉ ደግሞ ከአስፋልት ውጭ ለሚደርስ ጉዳት ኢንሹራንስ እንደማይከፍል ይናገራል። ለበረሃ እያከራዩ ከአስፋልት አትውጡ ማለት ምን የሚሉት ነገር ነው?

ስለዚህ ለኮምፕረሰሩና ለመጎተቻ ዕቃው ያስከፈላችሁንን መልሱልን። ሌላ ደንበኛ መኪናውን ሳይወስድ ስኮርታውን ቀይሩት፣ መንጠቆም ግጠሙለት። የኢንሹራንሱንም ነገር በማስታወቂያችሁ ላይ በግልጽ ጻፉት። መልሳችሁ በጽሑፍ ይሁን፤ በስልክ «እናየዋለን» መባሉ ሰልችቶናል።

ከመያዣችን ላይ «የአሸዋ ማጽጃ» ብላችሁ የቆረጣችሁትንም አብራችሁ መልሱ።

ከሰላምታ ጋር
ደንበኛችሁ