እትዬ፣ ፎቶው የድሮ ነው

ይድረስ ለእትዬ፣

እንዴት ናችሁ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ሰላምታውን ላሳጥረው፤ ትናንት የላክሽው የድምፅ መልእክት እንቅልፍ ነስቶኝ ነው ያደረው። ብሩ ደርሷል፣ የእማዬ መድኃኒት ተገዝቷል ስትይ ደስ ብሎኝ ነበር። ቀጥለሽ "እማዬ ፎቶውን አየችው" ስትይ ግን ከዚያ በኋላ የተናገርሽው ጆሮዬ አልገባም። ደግሜ ነው የሰማሁት።

ፎቶው የእኔ ነው፣ አልክድም። ፓሪስ ላ ሻፔል የሚባል ሰፈር፣ ምግብ የሚታደልበት ሰልፍ ላይ ነው። ማን እንዳነሳኝ፣ ማን ቴሌግራም ላይ እንደለቀቀው ማወቅም አልፈልግም። ግን የድሮ ፎቶ ነው እትዬ። ለእማዬ መጀመሪያ ይህንን ንገሪያት፦ ልጅሽ አሁን አልጋ ላይ ነው የሚተኛው፣ የራሱ ክፍል አለው፣ ቁልፉ ኪሱ ውስጥ ነው፣ ሦስት ጊዜ ይበላል በያት። ከዚህ በታች ያለውን ለብቻሽ አንብቢው፤ ለእሷ የሚነበበውን እኔ እነግርሻለሁ።

ለምን ጠፋህ ብለሽ አለቀስሽ። ስልኬ ተሰብሮ ነበር፣ እውነቴን ነው። ግን ስልክ ቢኖረኝስ ምን ልል ነበር? የጥገኝነት ጥያቄዬ ውድቅ ሆነ፣ ይግባኙም ውድቅ ሆነ፣ ከዚያ ከመጠለያው ልቀቅ የሚል ወረቀት ሰጡኝ። እዚህ አገር ማደሪያ ያጣ ሰው የሚደውልበት 115 የሚባል ስልክ አለ። ትደውያለሽ፣ ትጠብቂያለሽ፣ ትጠብቂያለሽ፣ ሲያነሱት "ዛሬ ቦታ የለም" ይሉሻል። ቦይ ዳር ነበር የምናድረው። ጠዋት ፖሊስ መጥቶ ያስነሳናል። ብዙ አልነግርሽም፣ አልፏል። ብርዱን የደሴ ልጅ ነኝ፣ ቻልኩት። ያልቻልኩት ሌላ ነገር ነው። ስሜን የሚጠራኝ ሰው ሳላገኝ ስንት ቀን ውዬ አደርኩ። አንዳንዴ ሰው ሲያናግረኝ የራሴ ድምፅ ያስደነግጠኝ ነበር።

አንድ ነገር እዚያ አይቻለሁ። አብሮን ያደረ አንድ ሶማሌ ልጅ ነበር። የሆቴል ክፍል ተገኘለትና ሄደ፣ ሁላችንም ቀናንበት። ብዙም ሳይቆይ ተመልሶ መጣ። ክፍሉ ሞቃት ነው፣ ሻወር አለው፣ ግን ግድግዳ ሳይ ልፈነዳ ነው አለ። ያኔ አልገባኝም ነበር፣ ጅል ነው ብዬው ነበር። አሁን ይገባኛል። ጣሪያ ብቻውን ሰው አያነሳም እትዬ።

አሁን ያለሁበትን አንድ ኤርትራዊ ልጅ ነው የጠቆመኝ። ኤማሁስ ይባላል፣ እማዬ የምታውቀው የሉቃስ ወንጌሉ ኤማሁስ። አጎቴ "ከለማኞች ጋር ተጠግቶ ይኖራል" ብሎ ማውራቱን ነግረሽኛል። እባክሽ ይህን አስረጅልኝ፣ ስለዚህ ቤት ሲወራ አሞኛል። እዚህ ቤት አንድም የሚለምን ሰው የለም። ሰዎች የማይፈልጉትን ዕቃ ይሰጡናል፣ ወይ መኪና ይዘን ሄደን እናመጣለን፣ ሶፋ፣ ፍሪጅ፣ ልብስ፣ መጽሐፍ፣ ሰሃን። እንለያለን፣ እናጥባለን፣ እንጠግናለን፣ እንሸጣለን። የምንበላውም፣ መብራቱም ውሃውም የሚከፈለው ከዚያ ነው። ሁሉም እንደ ጉልበቱ ይሠራል። ክፍል አለን፣ ምሳ አብረን ነው የምንበላው፣ ለኪስ የምትሆን ገንዘብም ይሰጡናል። ደሞዝ አይደለም። ለዚህ ነው እንደ ሌሎቹ ልጆች ብዙ የማልልከው፣ ከዚያችው ቆጥቤ ነው እንጂ ረስቻችሁ አይደለም።

ሲጀመር እንዲህ ነው። በፈረንጆቹ 1949 አቤ ፒየር የሚባል ቄስ ነበረ፣ የፓርላማ አባልም ነበር። ከእስር ወጥቶ የሚገባበት ያጣ፣ ራሱን ሊያጠፋ የሞከረ ጆርጅ የሚባል ሰው ዘንድ ይጠሩታል። ቄሱ የምሰጥህ ነገር የለኝም፣ ግን ቤት ለሌላቸው ሰዎች ቤት እየሠራሁ ነው፣ ልትረዳኝ ትችላለህ አለው። ሰውየው ተነሥቶ ሄደ። ኤማሁስ ከዚያ ነው የተነሣው፣ ኔዪ ፕሌዛንስ የሚባል ከፓሪስ አጠገብ ያለ ቦታ። ብር ሲያልቅባቸው ከቆሻሻ መጣያ ጨርቅና ብረት እየለቀሙ መሸጥ ጀመሩ። ዛሬ ፈረንሳይ ውስጥ ብቻ እንዲህ ያለ ቤት ከመቶ በላይ ነው።

በ1954 ክረምት ደግሞ አንዲት ሴት ፓሪስ ሴባስቶፖል ጎዳና ላይ በብርድ ሞታ ተገኘች። እጇ ላይ ከቤት ያስወጣት ወረቀት ነበር። ቄሱ የካቲት 1 ቀን በፈረንጆቹ ሬዲዮ ላይ ቀርቦ ይህንን ተናገረ፣ አገሩ ሁሉ ብርድ ልብስና ገንዘብ ይዞ ወጣ። ከዚያ በኋላ ነው በክረምት ተከራይ ማስወጣት የሚከለክል ሕግ የወጣው፣ 1956 ላይ። ጎዳናውን አውቀዋለሁ፣ ሌሊት እንቅልፍ ሲያጣኝ እዚያ ስመላለስ ነበር፣ ኪሴ ውስጥም ከመጠለያው ያስወጣኝ ወረቀት ነበረ። ይህን ታሪክ እዚህ ስሰማ ተነሥቼ ወጣሁ፣ መቀመጥ አቃተኝ።

የምትጠይቂኝን አውቃለሁ፣ ስለዚህ ልንገርሽ። በ2024 ቄሱ በሴቶች ላይ ጥቃት ይፈጽም እንደነበር ብዙ ሴቶች መሰከሩ። ሞቶ ዓመታት ካለፉ በኋላ ማለት ነው። ኤማሁስ ራሱ አስጠንቶ ነው ይፋ ያደረገው። እኛ የምግብ አዳራሽ ውስጥ የነበረው ፎቶው ወርዷል፣ ግድግዳው ላይ ነጩ ቦታ ይታያል። እኔ የማምነው በሥራው፣ በጆርጅና ከጆርጅ በኋላ በመጡት ሰዎች ነው። ሁሉም ቤት ደግሞ አንድ አይደለም። በ2023 በሰሜኑ ክፍል አንዳንድ ቤቶች ውስጥ ወረቀት የሌላቸው ሰዎች ጉልበታችን ተበዘበዘ ብለው አድማ መትተው ነበር፣ እውነታቸውንም ነው። የእኔ ቤት እንደዚያ አይደለም። ቢሆን እነግርሽ ነበር።

ለእማዬ አሁን ይህን አንብቢላት። ሃይማኖትህን አስለወጡህ ወይ ብላ ጠይቃለች አልሽኝ። ማንም ምንም አልጠየቀኝም እማዬ። ሲቀበሉኝ ወረቀት አለህ ወይም አልጠየቁኝም፣ የየትኛው እምነት ነህም አላሉኝም። የማሊው ልጅ በሰዓቱ ይሰግዳል፣ እኔ ረቡዕና ዓርብ እጾማለሁ፣ ምግብ የምትሠራዋ ሴት መጀመሪያ ግራ ገብቷት ነበር፣ አሁን ሳልነግራት ምስር አስቀምጣ ትጠብቀኛለች። ገና ዕለት ሽሮ ሠርቼ አበላኋቸው። በርበሬው ያንቺ አልነበረም እንጂ በልተውልኛል።

አንድ ፈረንሳዊ ሽማግሌ አለ። ከሚስቱ ተለያይቶ፣ ሥራውን አጥቶ ለዓመታት መንገድ ላይ የኖረ ሰው ነው። ብዙ አያወራም። ግን ጠዋት ቡና ላይ ካላየኝ ይመጣና በሬን ያንኳኳል። ታመምክ ወይ ብቻ ይላል። መጀመሪያ ሰሞን ያናድደኝ ነበር፣ ብቻዬን ተኝቼ መዋል ነበር የምፈልገው። አሁን እሱ ሲዘገይ እኔ ሄጄ አንኳኳለሁ። እዚህ ቤት ሰው ሲታመም ወይ ሲከፋው ዝም ብሎ ማለፍ የለም፣ እንደ እድራችን ነው። መጠጥ ግን ክልክል ነው፣ ጠብም ክልክል ነው። አንዳንዱ ይህን አይችለውም፣ ይሄዳል፣ አንዳንዱ ተመልሶ ይመጣል። ፀብ የለም አልልሽም፣ አብሮ መኖር ከባድ ነው፣ የወጥ ቤት ተራ የሚያበላሽ ሰው መቼም አይጠፋም።

የእኔን ሥራ ብታዪ ደስ ይልሽ ነበር። ዕቃ ስንለይ አንድ የእግር የስፌት መኪና መጣ፣ ሲንጀር፣ ልክ የአባባ ዓይነት። አቧራ በልቶታል፣ ቺንጋው ተበጥሷል፣ ሊጥሉት ነበር። ተዉልኝ አልኩ። ከፈትኩት፣ ውስጡ ጥቁር ክር ተጠምጥሞ ደርቋል፣ በመርፌ እየሳብኩ አወጣሁት። ዘይት ጠብ አደረግኩለት። ቺንጋ ከአሮጌ ቀበቶ ቆርጬ ሠራሁ። አባባ ትዝ ይልሻል፣ መኪናውን ከማየቱ በፊት ጆሮውን አስጠግቶ ያዳምጠው ነበር። እኔም ጎንበስ አልኩና በእጄ አዞርኩት። ድምፁ ያው ነው እትዬ። የፒያሳው ሱቅ ድምፅ። እጄ ላይ ዘይት እንዳለ እንባዬን ጠረግኩት፣ ሽማግሌው ዓይንህ ውስጥ ገባብህ ወይ ብሎ ጨርቅ ሰጠኝ። ያቺ መኪና አንዲት ተማሪ ገዛቻት። ከዚያ ወዲህ የሚመጣው የስፌት መኪና ሁሉ እኔ ጠረጴዛ ላይ ነው የሚቀመጠው። የሱሪ እግርም አሳጥራለሁ፣ ሰው በስሜ እየጠየቀ ይመጣል።

መቄዶንያን ታውቂያለሽ፣ እማዬ ልብስ ሰብስባ የምትልክበት። እዚያ የወደቀውን ያነሣሉ፣ ያጥባሉ፣ ያበላሉ፣ እግዜር ይስጣቸው። የእኛ ቤት ትንሽ ይለያል። እዚህ የገባ ሰው በማግስቱ ለሌላ ሰው ሥራ ይሠራል። ቤቱ እኔን ብቻ አያኖረኝም፣ እኔም ቤቱን አኖራለሁ። አጎቴ ይህችን እንዲሰማት እፈልጋለሁ።

አሁን ወደ እንግሊዝ አገር ዝለቅ ላልሽኝ። እዚያ ያሉት ልጆች ቤት ተከራዩ፣ መኪና ገዙ ብለሻል። ባሕሩን በላስቲክ ጀልባ እንደሚሻገሩት ግን ማን ነገረሽ? ካሌ ላይ ስንቱ ቀርቷል። አልሄድም፣ ከእንግዲህ አትጠይቂኝ። እዚህ ምክንያት አለኝ። በ2018 የወጣ ሕግ አለ፣ እንዲህ ባለ ቤት 3 ዓመት የኖረና የሠራ ሰው የመኖሪያ ፈቃድ መጠየቅ ይችላል። መጠየቅ ነው፣ ማግኘቱ የመንግሥት አስተዳዳሪው ፈቃድ ነው። ቤቱ ስለ ሰውየው ሪፖርት ይጽፋል፣ ቋንቋ መቻልሽም ይታያል። ማታ ማታ ፈረንሳይኛ እማራለሁ። ተስፋ አለኝ፣ ግን ለእማዬ በዚህ ወር በዚያ ወር ብለሽ እንዳትነግሪያት፣ ቀን መቁጠር ትጀምራለች።

ስለ እህታችን ስለ ሚጣ። ስንቴ ጀምሬ ስንቴ እንደተውኩት አትጠይቂኝ። ሽማግሌ ሲመጣ አባባ ባይኖር እኔ ነበርኩ መቀመጥ የነበረብኝ። አጎቴ በእኔ ቦታ ተቀምጦ "ልጃችሁን ለልጃችን" ሲባል መስማቱን ሳስብ ሆዴ ይባባል። ልጁ ጥሩ ነው ብላችኋል፣ መምህር ነው ብላችኋል። ይጠጣል? ለእናቱ እንዴት ነው? ሚጣ ስትናደድ ዝም እንደምትል፣ ዝም ስትል መጠጋት እንጂ መተው እንደማይገባ ይወቅ፣ አንቺ ንገሪው። ደግሞ "ወንድሜ ሳይመጣ አልዳርም" ማለቷን ሰማሁ። አትስሟት። ቀኑን አታዛውሩ። የላክሁት ለቬሎው ኪራይ ይበቃል፣ የተረፈው ለእማዬ ጫማ ይሁን፣ እግሯ አብጦ ጠባብ ጫማ እንዳታደርግ።

እማዬን በተመለከተ አንቺን ነው የማምነው። ግፊቷ ስንት ነው? ደህና ነች አትበይኝ፣ ቁጥሩን ጻፊልኝ። መድኃኒቷን ግማሽ እየዋጠች ለነገ ታስቀምጣለች፣ አውቃታለሁ፣ ጨውም ደብቃ ትጨምራለች። ፊቷ ቁጭ ብለሽ አስውጫት። ፎቶውን ካየች ወዲህ አልበላም አለች ብለሻል። ዛሬ ማታ ሥራ ስጨርስ በቪዲዮ እደውላለሁ፣ ክፍሌን፣ አልጋዬን፣ ጠረጴዛዬን ሁሉ አሳያታለሁ። ሽማግሌውም ሰላም ሊላት ይፈልጋል፣ "እንደምን ዋሉ" አስተምሬዋለሁ።

ሰርጉ እሁድ ከሆነ ሥራ የለኝም። ከጠዋት ጀምሮ ስልኩን አንድ ሰው ይያዝልኝ፣ የጎረቤት ልጅም ቢሆን፣ ካርዱን እኔ እሞላለሁ። ሚጣ ከቤት ስትወጣ እማዬ ስትመርቃት መስማት እፈልጋለሁ። ኔትወርክ ካስቸገረ ቀድታችሁ ላኩልኝ።

አብሽሪ እትዬ። የግፊቷን ነገር እንዳትረሺ።

ወንድምሽ