ሳይቆጠሩ ስለቀሩ ሰባት የብድር ክፍያ ወራት የቀረበ ቅሬታ

ለተማሪ ብድሬ አስተዳዳሪ ድርጅት
የደንበኞች ቅሬታ ክፍል

ጉዳዩ፦ ለሕዝብ አገልግሎት ሠራተኞች በሚሰጠው የብድር ስረዛ የክፍያ ቆጠራዬ እንዲታረም ስለመጠየቅ

እኔ አመልካች በአንድ የካውንቲ መንግሥት የሕፃናት ደኅንነት ክፍል በሙሉ ጊዜ ተቀጥሬ የምሠራ የማኅበራዊ ሥራ ባለሙያ ስሆን፣ ለማስተርስ ትምህርቴ የወሰድኩትን የፌዴራል መንግሥት ብድር በገቢዬ ልክ በተተመነልኝ ወርኃዊ ክፍያ ስመልስ ዐሥር ዓመት ሞልቶኛል። እ.ኤ.አ. በ2007 በወጣው የአሜሪካ ፌዴራል ሕግ መሠረት፣ ለመንግሥት መሥሪያ ቤት ወይም ብቁ ለሆነ ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት በሳምንት ቢያንስ 30 ሰዓት እየሠራ 120 ወርኃዊ ክፍያ ያሟላ ተበዳሪ ቀሪ ዕዳው ይሰረዝለታል። አሠሪዬ የቅጥር ማረጋገጫ ቅጹን በየዓመቱ ፈርሞልኛል፤ የእኔ ቆጠራ ግን 113 ላይ ቆሟል።

የጎደሉት ሰባት ወራት የጠፉት በድርጅታችሁ እጅ ነው። በገቢዬ ልክ የሚተመነው ክፍያ እንዲታደስልኝ የማቀርበውን ዓመታዊ የገቢ ማረጋገጫ ማመልከቻ ቀነ ገደቡ ከመድረሱ ሦስት ሳምንት አስቀድሜ አስገብቼ የመቀበያ ቁጥሩን ይዣለሁ። በቀጣዩ ወር ከባንክ ሒሳቤ በራሱ ይቆረጥ የነበረው ገንዘብ ሳይቆረጥ መቅረቱን ያየሁት እኔው ነኝ እንጂ ማንም አላሳወቀኝም። ስደውል ማመልከቻዬ እየታየ ስለሆነ ክፍያዬ ለጊዜው እንዲቆይ መደረጉና የሚያሳስብ ነገር እንደሌለ ተነገረኝ። ቆይታውን አልጠየቅሁም፤ ወራቱ ላይቆጠሩ እንደሚችሉም በስልክም ሆነ በጽሑፍ የገለጸልኝ የለም። በአራተኛው ወር በድጋሚ የደወልኩት የአንድን ሕፃን ጉዳይ ይዤ ፍርድ ቤት ኮሪደር ላይ ተራ በምጠብቅበት ሰዓት ነበር፤ አንድ ሰዓት ከአርባ ደቂቃ መስመር ላይ ቆይቼ፣ ችሎት ስጠራ ማንንም ሳላነጋግር ስልኩን ለመዝጋት ተገደድኩ።

ከሐምሌ 2023 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የጸናው ደንብ፣ የክፍያ ዕቅድ ማመልከቻን ለማየት ተብሎ የሚሰጥ እስከ 60 ቀን የሚደርስ ቆይታ ለብድር ስረዛው እንዲቆጠር ይፈቅዳል። ስለዚህ ቢያንስ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት ያለ ምንም ክርክር ሊቆጠሩልኝ ይገባ ነበር። የቀሩት አምስቱ ደግሞ ማመልከቻዬ ከ60 ቀን በላይ እናንተ ዘንድ ሳይታይ በመቆየቱ የመጡ ናቸው። ሠራተኛችሁ በመጨረሻ የሰጠኝ ምክር ወራቱን ከፍዬ መልሼ እንድገዛ የሚያስችለውን የመንግሥት አሠራር እንድጠቀም ነው። ያ አሠራር መኖሩ መልካም ነው፤ ሆኖም የእኔን ገንዘብና ተጨማሪ የጥበቃ ጊዜ የሚጠይቅ ስለሆነ የድርጅታችሁን ስሕተት ለማረም የመጀመሪያው መንገድ ሊሆን አይገባም።

ሰባት ወር ለመዝገብ ቤት ትንሽ ቁጥር ሊመስል ይችላል። በእኛ ክፍል ግን ከደመወዙ ይልቅ ይህ የስረዛ ተስፋ ያቆያቸው ባልደረቦች አሉ፤ አንድ ባለሙያ ሥራውን በለቀቀ ቁጥር ሕፃናቱ ታሪካቸውን ለአዲስ ሰው እንደገና መናገር ይጀምራሉ። እኔም የተሻለ ክፍያ ያለው የግል ሥራ ቀርቦልኝ ያልሄድኩት በዚህ ቆጠራ ተማምኜ ነው።

ስለሆነም ማመልከቻዬ በእጃችሁ የቆየበት ጊዜ ከመዝገባችሁ ተጣርቶ የሁለቱ ወራት ቆጠራ ባስቸኳይ እንዲታረም፣ የአምስቱ ወራት መዘግየት የድርጅቱ መሆኑ ተገልጾ የእርማት ጥያቄ በእናንተው በኩል ለፌዴራሉ ትምህርት መሥሪያ ቤት እንዲቀርብልኝ፣ በእነዚያ ወራት የተጠራቀመው ወለድም እንዲነሳልኝ እጠይቃለሁ። መልሱ በስልክ ሳይሆን ውሳኔውን የሰጠው ክፍል ተጠቅሶ በጽሑፍ እንዲደርሰኝ እፈልጋለሁ። የመቀበያ ቁጥሩን፣ የባንክ መግለጫዬንና የተፈረሙትን የቅጥር ማረጋገጫዎች ከዚህ ደብዳቤ ጋር አያይዤ አቅርቤያለሁ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር
አመልካች

ግልባጭ፦
ለፌዴራሉ ትምህርት መሥሪያ ቤት፣ የተማሪ ብድር ቅሬታ ተቀባይ ክፍል