ይድረስ ለወዳጄ፣ ከደብረ ማርቆስ

እንደምን ከረምህ? «ነገ እደውልለታለሁ» እያልሁ ዓመት አለፈ። ልጆቹስ አደጉ? እኛ ደህና ነን፣ እግዚአብሔር ይመስገን። እናቴም ጉልበቷን ከማማረር በቀር ደህና ናት።

ዛሬ ያስጻፈኝ አንድ የከነከነኝ ነገር ነው። አሁንም እዚያው ዱቄት ፋብሪካ ነኝ፤ የፈረቃ ኃላፊ ሆኛለሁ። ካይዘን የሚሉትን፣ ብክነትን እየቀነሱ ሥራን በጥቂት በጥቂቱ የማሻሻል የጃፓኖች ዘዴ አስገብተናል። እውነቱን ልንገርህ፣ ወድጄዋለሁ። መጋዘኑ መተላለፊያ አገኘ፣ መፍቻ ፍለጋ መንከራተት ቀረ። የዕቅድ ሰሌዳው ላይ ዕቅድ መሙላቱን የሚያሳየው አረንጓዴ ሲበዛ ሥራ አስኪያጃችን ፈገግ ማለት ጀመረ፤ ይቺን እንደ ተአምር ቁጠራት።

ጣጣው የመጣው ማሸጊያው ጋ ነው። ሴቶቹ ባዶ ከረጢት ለማምጣት እስከ ጥግ ይሄዱ ነበር። «የእንቅስቃሴ ብክነት ነው» ተባለና ከረጢቱ እጃቸው ሥር ተደረገ። ምርት ጨመረ። ከዚያ ወገቤን፣ አንገቴን፣ እጄን የሚለው በዛ። ለካ ያቺ መንገድ ዕረፍታቸው ነበረች! እትዬ የምንላቸው አንዲት እናት አሁን አንድ እግራቸውን ፓሌት (ከረጢት የምንደረድርበት የእንጨት ርብራብ) ላይ አሳርፈው፣ ትንሽ ቆይተው በሌላው እየለወጡ የከረጢት አፍ ሲሰፉ ይውላሉ። ወንበር የለም። ወንበር ያሰንፋል የሚል አለቃ አለን።

ዐቢይ ጾም ሲገባ ባሰ። ብዙው ሰው እስከ 9 ሰዓት እህል አይቀምስም፤ የሰሌዳው ዕቅድ ግን ያው ነው። ከቀትር በኋላ ስፌቱ ይጣመማል፣ ሚዛኑ ይዛባል፣ የታሸገው ተፈትቶ ይደገማል። ይሄስ ብክነት አይደለም? የእኛ አገር ገበሬ እንኳ ፀሐይ ሲከር በሬውን ይፈታል።

አንተ በትምህርቱ ስላለፍህበት ታውቀዋለህ። ቶዮታዎች ሙዳ፣ ሙራ፣ ሙሪ ብለው ሦስቱንም አስወግዱ ነው የሚሉት፦ ብክነቱን፣ መዋዠቁን፣ ከአቅም በላይ መጫኑን። እኛ ዘንድ የደረሰችው የመጀመሪያዋ ብቻ ናት። እነሱ ጋ ሠራተኛው ችግር ሲያይ ገመድ ይስባል፤ ካልተፈታ መስመሩ ይቆማል። እኛ ጋ መስመር ያስቆመ ማስጠንቀቂያ ይጻፍበታል።

የተሸካሚዎቹን ነገር ባላነሳው ይሻላል። ከረጢቱ 50 ኪሎ ነው። የአሜሪካው የሥራ ደህንነት ምርምር ተቋም የሸክም ቀመር ሁሉም ነገር በተመቸበት ሁኔታ እንኳ ከ23 ኪሎ አያልፍም። ዕቅድ ሲጎድል ደግሞ ትርፍ ሰዓት ይመጣል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት አይለፍ ይላል፤ እኛ ዘንድ ወር መጨረሻ ላይ አዋጁን የሚያስታውስ የለም።

በእኔ ፈረቃ ጥቂት ነገር ነካክቻለሁ። ባዶ ፓሌት ደራርበን ጭነቱን ከወለል ወደ ጉልበት ከፍታ አመጣነው። መስፋትና መመዘን ይፈራረቃሉ። በጾም ቀትር ላይ አጭር ዕረፍት አለ። ሥራ አስኪያጁ አይቶ ዝም አለ፤ ዝምታውን ፈቃድ ነው ብዬ ቀጠልሁበት።

አሁን ወደ 25 ኪሎ ከረጢት እንድንዞር ላሳምነው ነው። ወገብ ብለው አይሰማኝም፤ ብር ነው የሚሰማው። የሚቀርና የሚለቅ ሠራተኛ፣ የሚደገም ሥራ ስንት እንደሚያስወጣ እናንተ ጋ እንዴት ነው የምታሰሉት? ሠንጠረዥ ካለህ በቴሌግራም ላክልኝ። ቅዳሜ ማታ እደውላለሁ፤ አደራ፣ ስልክህን አንሣ።

ያው ወዳጅህ