ቁልፉን ለማን ትተው ነው የሚሄዱት?

ሐያትዬ፣ አሰላሙ አለይኩም። እንዴት ነሽ የኔ ልጅ? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። አባትሽ ወገቡን ያመዋል እንጂ ሌላ ክፉ ነገር የለም። ቡሬዋም ወልዳለች፣ ጥጃዋ አንቺን ትመስላለች ይላል ወንድምሽ።

ትናንት ድምፅሽ አላማረኝም። "እማ፣ ድርጅታችን ከወረዳው ሊወጣ ነው፣ ሰዉ እያለቀሰ ነው፣ ፊቱን ማየት አፈርኩ" አልሽኝና ኔትወርኩ ቁርጥ አለ። ስለዚህ ይኸው በጽሑፍ። ረዘም ይላል፣ ቡናሽን ይዘሽ አንብቢው።

አብሽሪ። የእርዳታ ድርጅት ከወረዳ መውጣቱ ነውር አይደለም።

እኔ በ77 የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበርኩ። ከዚያ ጊዜ ከሁሉም የማልረሳው ጣሳውን ነው። ጠርዙ የተጣመመ የዘይት ጣሳ፣ ፋፋ የሚሰፈርልን በሱ ነበር። ሰፋሪዋ ስትሞላው አውራ ጣቷ ወደ ውስጥ ገባ ይል ነበር፤ እኔ ሰልፍ ላይ ቆሜ ያቺ ጣት የያዘችውን ቦታ አሰላለሁ፣ ስንት ጉርሻ ቀነሰችብኝ እያልኩ። ያ እህል ነፍስ አትርፏል፣ ባይመጣ አንቺም የለሽም። ግን ሰው ጣሳ እያየ አይኖርም።

አክስቴ በዚያው ዓመት በሰፈራ ተጭና ኢሉባቦር ወረደች። ስለ ካርል መጀመሪያ ያወራችን እሷ ናት። ካርል ሄንዝ ቦም፣ አንድ ፊልም ላይ የኦስትሪያን ንጉሠ ነገሥት ሆኖ የሠራው ተዋናይ። በ1973 ግንቦት ላይ (በፈረንጆቹ 1981) ጀርመን አገር ቴሌቪዥን ላይ ቀርቦ ተወራረደ፦ ከሦስት ተመልካች አንዱ እንኳ ለተራበ ሰው አንድ ማርክ አይሰጥም አለ። ውርርዱን አሸነፈ፣ ምን ዋጋ አለው፣ ባያሸንፍ ይሻል ነበር። ያም ሆኖ ከ1 ሚሊዮን ማርክ በላይ ተዋጣ። እሱም ገንዘቡን ልኮ ቁጭ አላለም፣ ራሱ መጣ፤ በ1974 ኅዳር ላይ "ሰዎች ለሰዎች" የሚባለውን ድርጅት አቋቋመ። የጀመረው ሐረርጌ ነው፣ ባቢሌ መጠለያ የነበሩትን ሰዎች ኤረር ሸለቆ ላይ በማስፈር። በ77 እህል አከፋፈለ። መቱ ላይ ወላጅ ለሌላቸው ልጆች ማሳደጊያ ከፈተ፣ አብዲ ቦሪ ይባላል፣ በኦሮምኛ የነገ ተስፋ ማለት ነው።

እህል ማደል ላይ ግን አልቆመም። ውሃ፣ እርከን፣ ችግኝ፣ ክሊኒክ፣ ለሴቶች ቁጠባና ብድር፣ የሴት ልጅ ግርዛትን መቃወም ሳይቀር፣ ሁሉም ባንድ ወረዳ ላይ አብሮ እንዲሠራ አደረጉት። ምንጭ አጎልብተሽ ተራራውን ራቁቱን ከተውሽው ምንጩ ይደርቃላ! እስከ ዛሬ የሠሯቸው ትምህርት ቤቶች ከ400 በላይ ናቸው። መርሐቤቴ ብዙ ዓመት ቆዩ፣ ዓለም ከተማ ላይ ሆስፒታል ሠሩ፣ ከዚያ አስረክበው ወጡ። ወደኛ ጎረቤቶች፣ ወደ ወሎዎቹ ቦረናና ወግዲ፣ የመጡት ኋላ ነው። ካርል በ2006 ግንቦት ሞተ፣ ድርጅቱ ግን ዛሬም አለ። የኢትዮጵያ የክብር ዜግነትም ተሰጥቶት ነበር፣ ይገባዋል ባይ ነኝ።

አሁን ወደኛ ሰፈር ልምጣ። አንቺ ሕፃን ሳለሽ አንድ ድርጅት፣ ስሙን ልተወው፣ በእጅ የሚገፋ የውሃ ፓምፕ ተክሎልን ሄደ። ሪባን ተቆረጠ፣ በግ ታረደ። ዓመት ሳይሞላው አንድ ብረት ተሰበረ። ብረቱ የት ይሸጣል? ማን ይፈታዋል? የሚያውቅ የለም። ስንት ዓመት ቆሞ ዝጎ፣ በመጨረሻ የበሬ ማሰሪያ ሆነ። ሲሄዱ ያለቀሰላቸው ሰው ግን ብዙ ነበር፣ እኔም አልቅሻለሁ።

የአሁኑን ምንጭ ያጎለበቱት ሌሎች ናቸው። እነሱ ገና ሲመጡ የሚወጡበትን ዓመት ነገሩን፣ እኔማ ገና ሳይገቡ መውጣት ያወራሉ ብዬ ተናድጄ ነበር። ድንጋይና አሸዋ በኛ፣ ሲሚንቶና ቧንቧ በነሱ። ከመንደሩ ሁለት ልጆች ቧንቧ መፍታትና መግጠም ተማሩ። አምስት ሰው ኮሚቴ ሆንን፣ ሦስታችን ሴቶች። በየቤቱ በወር 10 ብር ይዋጣል፣ ይቺን እንኳ የማይከፍል አለ፣ ማን እንደሆነ ታውቂዋለሽ፣ አጎትሽ ነው። የቦኖው ቁልፍ እኔ አንገት ላይ ነው የሚውለው። ሲወጡ አንድም ሰው አላለቀሰም። ቡና ጠጥተን፣ መርቀን ሸኘናቸው።

እና ልጄ፣ ነገ ቢሮ ስትገቢ "ለምን እንወጣለን" ብለሽ አትጨቃጨቂ። ቁልፉን ማን እንደያዘ ጠይቂ። መለዋወጫው የት ነው የሚገዛው? መዋጮው በማን ስም ነው ባንክ የገባው? መልስ ካጣሽ ያኔ አኩርፊ፣ ስድስት ወርም ይጨመር ብለሽ ተከራከሪ፣ እኔ ከጎንሽ ነኝ።

ለዓረፋ ስትመጪ በደሴ ካለፍሽ የግማሽ ኢንች ቧንቧ ጎሚኒ አራት ፍሬ ግዢልኝ፣ ሁለተኛው ቧንቧ ያንጠባጥባል። ብሩን ከኮሚቴው ካዝና እሰጥሻለሁ። ደረሰኝ እንዳትረሺ፣ ልጇ ናት ብለው ያሙኛል።

እናትሽ