መጽሐፉን ከመግለጥሽ በፊት ባሕሩን እዪ

ከደሴ

ልጄ ሀያት፣

ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል? እኛ አልሀምዱሊላህ ደህና ነን። በሐምሌ በእንግሊዝ ደቡብ ባሕር ዳርቻ ወዳለችው ወደ ላይም ሪጅስ ከተማ ልትሄጂ እንደሆነ፣ ለቅሪተ አካል ፍለጋም የትኛውን መመሪያ መጽሐፍ ብትገዢ እንደሚሻል ጠይቀሽኛል። መደብሩ ውስጥ ብዙ ዓይነት ታገኛለሽ፤ ስም ከምጠራልሽ ጥሩውን ከመጥፎው የምትለዪበትን ብነግርሽ ይበልጥ ይጠቅምሻል።

ላይም ሪጅስ ያለችበት ዳርቻ ከዴቨን አውራጃ ኤክስመዝ እስከ ዶርሴት አውራጃ ስተድላንድ ድረስ 155 ኪሎ ሜትር ያህል ይዘልቃል። ዩኔስኮ በ2001 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል። የድንጋዩ ድርቦች በጥቅሉ ወደ ምሥራቅ ዘመም ስላሉ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚጓዝ ሰው ከአሮጌው ወደ አዲሱ ይሻገራል፤ በጠቅላላው የ185 ሚሊዮን ዓመት ታሪክ ተዘርግቶ ይታያል። ስለዚህ መጽሐፉን ስትገልጪ መጀመሪያ የገደሉን የጎን ሥዕል ፈልጊ፤ ድርቦቹ በስማቸው፣ በውፍረታቸውና በቅደም ተከተላቸው ተስለው እንደሆነ እዪ። ይህ ከሌለውና የሚያማምር ፎቶ ብቻ ከሆነ መልሰሽ አስቀምጪው። ቀጥሎ የታተመበትን ዓመት ተመልከቺ። ገደሉ ስለሚናድ የአሮጌ እትም መንገድ ዛሬ ላይኖር ይችላል። በግንቦት 2008 እ.ኤ.አ. በላይም ሪጅስና በጎረቤቷ በቻርመዝ መካከል 400 ሜትር ያህል ተንዶ የላይም ሪጅስን አሮጌ ቆሻሻ መጣያ ጭምር ወደ ባሕሩ አውርዶታል። እዚያ አካባቢ እጅሽን ጠጠር ውስጥ ስትከቺ የተሰበረ ጠርሙስና የዛገ ብረት እንዳይቆርጥሽ ወፍራም ጓንት አድርጊ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ባሕሩ በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፣ ሁለት ጊዜ ይጎድላል። ከአንዱ ሙላት እስከ ሌላው 12 ሰዓት ከ25 ደቂቃ ገደማ ስለሆነ ሰዓቱ በየቀኑ ወደ 50 ደቂቃ ይዘገያል። ጨረቃ ስትወለድና ሙሉ ስትሆን ሙላቱም ጉድለቱም ይበረታል። የሙላት ሰንጠረዥ ሳትይዢ እንዳትወጪ። አንዳንዱ ሰንጠረዥ የሚጻፈው በግሪንዊች ሰዓት ነው፤ እንግሊዞች ደግሞ በበጋቸው ሰዓታቸውን በአንድ ሰዓት ወደፊት ይገፋሉ። ጉድለቱ 14:10 ተብሎ ከተጻፈ የእጅ ሰዓትሽ 15:10 ሲል ነው፤ በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 9 ሰዓት ከ10 መሆኑ ነው። ሦስቱን አቆጣጠር እንዳታደባልቂ በአንዱ ብቻ ጻፊው። ባሕሩ እየጎደለ ሳለ፣ ዝቅ ከሚልበት ሁለት ሰዓት ቀደም ብለሽ ውጪ፤ ዝቅ ካለ በኋላ ወደፊት አትሂጂ፣ ተመለሺ። በላይም ሪጅስና በቻርመዝ መካከል ባሕሩ ሲሞላ ከገደሉ እግር ይደርሳል፤ ወደኋላም ወደፊትም ማምለጫ የለም። ከዝናብ በኋላ ደግሞ ከገደሉ የሚወርደው ጭቃ ላዩ ደርቆ ውስጡ ልል ነውና አትርገጪው።

ገደሉን መቆፈር ክልክል ነው፤ ለሕይወትሽም አይበጅም። ባሕሩ ራሱ አጥቦ ያወጣልሻል። ከሞገድ በኋላ ዳርቻው ላይ በተከመረው ጠጠር መካከል ፈልጊ፤ እንደ ጥይት ሾጠጥ ያለው ቤለምናይት ነው፣ የተጠቀለለው አሞናይት፤ ሁለቱም ድሮ የጠፉ የባሕር እንስሳት ናቸው። መዶሻ ከያዝሽ የሥነ ምድር መዶሻ ይሁን። የአናጢ መዶሻ ጠርዙ ስለሚሸረፍ ስንጥሩ ዓይን ያጠፋል፤ በጥሩውም ቢሆን የዓይን መከላከያ መነጽር አድርጊ። ከላይም ሪጅስ በስተምዕራብ፣ ሞንማውዝ ዳርቻ ላይ ባሕሩ ሲጎድል ትልልቅ አሞናይቶች የታተሙበት የኖራ ድንጋይ ወለል ይገለጣል። እሱ ለዓይን ብቻ ነው።

ቻርመዝ አካባቢ የሳንቲም ያህል ትንሽ፣ ወርቅማ የሚያብረቀርቅ አሞናይት ታገኚ ይሆናል። ፓይራይት ነው፤ ብረትና ድኝ። ቤት ስትገቢ በንጹሕ ውሃ ጨውን እጠቢው፣ ፈጽሞ አድርቂው፣ ከዚያ እርጥበት መጣጭ ከረጢት ጨምረሽ በክዳናም ዕቃ አስቀምጪው። እርጥበትና አየር ካገኘው አሲድ ያመነጫል፤ ነጣ ያለ ዱቄት ይወጣዋል፣ የድኝ ሽታ ይሸታል፣ በመጨረሻም ይፈራርሳል። ወረቀቱንና ሣጥኑን ሳይቀር ይበላል። ያገኘሽውን ሁሉ እዚያው በጋዜጣ ጠቅልለሽ ቀኑን፣ ቦታውን በካርታ ቁጥር፣ ከየትኛው ድርብ እንደመጣ ጽፈሽ አብረሽ አስገቢ። ድንቅነሽ በ1967 ዓ.ም. በሐዳር ስትገኝ (ያኔ ሐዳር በወሎ ጠቅላይ ግዛት ሥር ነበር) ዕድሜዋ 3.2 ሚሊዮን ዓመት መሆኑ ሊታወቅ የቻለው ከድርቦቹ መካከል የእሳተ ገሞራ አመድ ስላለ ነው። ድርቡ ያልተጻፈለት ቅሪተ አካል ግማሽ ዋጋው የለም።

የእንስሳቱን መጽሐፍ ለብቻው ግዢ፤ ቅሪተ አካሉንና እንስሳቱን አንድ ላይ ያደረገ ብዙ ጊዜ ሁለቱንም ያሳጥራል። ስትመርጪ የባሕር ወፎቹን ገጽ እዪ። እዚያ በብዛት የምታዪው ሄሪንግ ጋል የሚሉት ወፍ ጀርባው ግራጫ፣ ሆዱ ነጭ ነው፤ ጫጩቱ ግን ቡናማ ዝንጉርጉር ሆኖ አድጎ የአዋቂውን ላባ የሚይዘው በአራት ዓመቱ ገደማ ነው። መጽሐፉ በየዕድሜው ካልሳለው አንዱን ወፍ አራት ወፍ አድርገሽ ትመዘግቢያለሽ። ባሕሩ ሲጎድል በዓለት ጉድጓድ በሚቀረው ውሃ ውስጥ ድንጋይ ካነሳሽ እንደነበረ መልሺው፣ ሥሩ የሚኖሩት በፀሐይ ይሞታሉ። ዓለቱ ላይ እንደ ተደፋ ሲኒ የተለጠፈውን፣ ሊምፔት የሚሉትን ቀንድ አውጣ መሰል እንስሳ አታላቂው፤ ቅርፊቱ ልክ የሚገጥመው በራሱ ቦታ ላይ ነው፣ ከዚያ ከተነሣ ውሃውን መያዝ አቅቶት ይደርቃል።

ይህን ሁሉ የምልሽ ለሽርሽርሽ ብቻ አይደለም። ለወሎ እንዲህ ያለ መጽሐፍ እንድታዘጋጂ እፈልጋለሁ፤ እዚያ የምታዪው አሠራሩን ነው። ከደሴ በኮምቦልቻና በባቲ ወደ ሚሌ የሚወርደው መንገድ የእኛ ገደል ነው፤ መንገድ ሲቆረጥ የተገለጠው ባዛልት (ከእሳተ ገሞራ የፈሰሰ ጥቁር ድንጋይ) አብዛኛው 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ነው። በባሕሩ ሙላት ፈንታ የክረምቱን ደራሽ ውሃ ጻፊ፤ በየትኛው ወር የትኛው ወንዝ ውስጥ መውረድ እንደማይገባ። ባዛልቱ ውስጥ ያለውን ነጭ ፍሬ ሰው ቅሪተ አካል ይለዋል፤ የጋዝ ቀዳዳ በማዕድን ተሞልቶ ነው፣ በሥዕል አሳዪ። የደላንታ ቆፋሪዎች ኦፓሉ (የከበረው ድንጋይ) ያለበትን አንድ ድርብ በገደሉ ጎን ተከትለው ይገባሉ፤ የድርብ ነገር ከእነሱ ብትጠይቂ ብዙ ታገኛለሽ። በእኛ አገር ቅሪተ አካል ያለ ቅርስ ባለሥልጣን ፈቃድ አይነሣም፤ ይህ በመጀመሪያው ገጽ ይግባ። ስለ ወሎው ቦረና ሳይንት ፓርክ ስትጽፊ ጭላዳውን የትና በስንት ሰዓት እንደሚታይ ንገሪያቸው፤ የቀይ ቀበሮን ጉድጓድ ግን በካርታ ላይ አታስቀምጪ።

የገዛሽውን መጽሐፍ ማውጫና የጎን ሥዕሉን ገጽ ፎቶ አንስተሽ በቴሌግራም ላኪልኝ።

አባትሽ