ድምፄን ያጠፋሁበት ምክንያት

ለምወድሽ ጓደኛዬ፣

ለጤናሽ እንደምን ከርመሻል? ሁለት ዓመት ሙሉ ድምፄን ያጠፋሁት ባንቺ ቅር ተሰኝቼ ሳይሆን እናቴ በመርሳት በሽታ ስለታመመች ነው። ልጽፍልሽ በተቀመጥኩ ቁጥር ከሌላው ክፍል ትጠራኛለች፤ እሷ ስትተኛ ደግሞ እኔ አቅም አይኖረኝም። አባትሽም ነገር መርሳት እንደ ጀመሩ ስሰማ ግን ዝም ማለት አልቻልኩም።

በመጀመሪያው ዓመት ከሥራው ይልቅ የጎዳኝ ክርክሩ ነበር። እናቴ በገዛ ቤቷ ተቀምጣ «ቤቴ ውሰጂኝ» ትለኛለች፤ እኔም «ቤትሽ እኮ ይኸው ነው» እያልኩ ላስረዳት እታገላለሁ፤ በመጨረሻ እሷ ታለቅሳለች፣ እኔም ስለ ተቆጣኋት ስፀፀት አድራለሁ። ከዚህ ያወጣኝ የዓለም ጤና ድርጅት ለአስታማሚዎች ያዘጋጀው «አይሰፖርት» የተባለ የኦንላይን ትምህርት ነው። በአምስት ክፍሎች የተደራጁ 23 ትምህርቶች አሉት፤ የአንድ አስታማሚን ገጠመኝ ያቀርብልሽና አንቺ ብትሆኚ ምን እንደምታደርጊ ይጠይቅሻል፣ ስትመልሺም ወዲያው ያብራራልሻል። ከቃሏ ይልቅ ስሜቷን መስማት እንዳለብኝ የገባኝ በዚህ ልምምድ ነው። አሁን «ቤቴ» ስትል አጠገቧ ተቀምጬ «እስቲ ስለ ቤትሽ አጫውቺኝ» እላታለሁ፤ ሁልጊዜ ባይሆንም ብዙ ጊዜ ትረጋጋለች።

አስታማሚው ራሱን ስለሚንከባከብበት መንገድ የሚያስተምረውን ክፍል ግን ጊዜ የለኝም ብዬ ዘልዬው ነበር። አንድ ሌሊት ከድካም ብዛት የሰጠኋትን መድኃኒት ደግሜ ልሰጣት ስል በድንጋጤ እጄ ተንቀጠቀጠ፤ በማግሥቱ ወደዚያ ክፍል ተመለስኩ። የመርሳት ሕመምተኛን ዘመድ ያለ ክፍያ ሲያስታምም በአማካይ በቀን 5 ሰዓት ያህል እንደሚያውል ያነበብኩትም በዚያው ሰሞን ነው፤ እስከዚያ ድረስ ድካሜን የስንፍና ምልክት አድርጌ እቆጥረው ነበር። ወንድሜንም በደፈናው «እርዳኝ» ማለት ትቼ ማክሰኞና ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አብሯት እንዲቀመጥ ጠየቅሁት፤ እሱም እሺ አለኝ።

ትምህርት ግን እንቅልፍ አይተካም፤ አስታማሚን በስልክ አስተምሮ ብቻውን መተው ስህተት ነው ብዬ አምናለሁ። የሚተካሽ ሰው ከሌለ የተማርሽውን ለመተግበር እንኳ ትዕግሥት ያጥርሻል።

ከሁሉ በፊት አባትሽን ሐኪም ይያቸው፤ የታይሮይድ (አንገት ላይ ያለ ዕጢ) ችግር፣ የቫይታሚን ቢ12 እጥረት፣ ድባቴ ወይም የሚወስዱት መድኃኒት መርሳትን ሊያመጣ ይችላልና፣ እነዚህ ደግሞ የሚታከሙ ናቸው። በሽታው መሆኑ ከተረጋገጠ ትምህርቱን እንደ እኔ ሳይመሽብሽ ጀምሪው፤ የዘለልኩትንም ክፍል አስቀድሚ።

መልስ ስትጽፊልኝ ስለ አባትሽ ብቻ ሳይሆን አንቺ በሌሊት ስንት ሰዓት እንደምትተኚም ንገሪኝ።

ናፋቂሽ